ክብርት ወይዘሮ ትንሽ ወደ ግራ

በየቤተሰቡ አንድ ሰው አይጠፋም፤ ቤታችሁ ገብቶ ጤና ይስጥልኝ ከማለቱ በፊት ትራሳችሁን የሚያስተካክል። አክስት ሊሆን ይችላል፣ የሥራ ባልደረባ ሊሆን ይችላል፣ ለዕቃ ብድር የመጣ ጎረቤት ሊሆን ይችላል። ቁጭ በል ቢሉት አይቀመጥም። አንገቱን ሰበር አድርጎ ሳሎናችሁን እንደ በሽተኛ ይመረምርና የአበባ ማስቀመጫውን ያነሳል። እኔ እንደሚመስለኝ የሰው ልጅ ሁለት ዓይነት ነው፤ ዕቃ የሚያስቀምጥና የተቀመጠው ዕቃ ቦታው እዚያ እንዳልሆነ የሚያውቅ። እኔ ከፊተኞቹ ነኝ። የባሌ ታላቅ እህት ከኋለኞቹ ናት፤ እንዲያውም ማኅበር ቢያቋቁሙ ሊቀመንበርነቱን ያለ ተቀናቃኝ ትወስደዋለች።

በሌለችበት ቤተሰቡ በሙሉ "ክብርት ወይዘሮ ትንሽ ወደ ግራ" ይላታል። ስሙን ያወጣላት ባሌ ነው። በፊቷ ግን ሁላችንም ጨዋ ነን፤ እኔም እትዬ ነው የምላት። እሷ በበኩሏ እኔን እስከ ዛሬ ሙሽሪት ትለኛለች። ሙሽሪት ጉልበቷን እያመማት፣ ሙሽሪት ልጆቿ በቁመት በልጠዋት።

"ሙሽሪት፣ እንደምን ሰነበትሽ? ልጆቹ ደህና? ያንን ወንበር ትንሽ ወደ ግራ።"

እንግዲህ ሰላምታዋ ይህ ነው።

ሥራዋ ቤት ፎቶ ማንሳት ነው። ሰው አታነሳም። "ሰው ይንቀሳቀሳል፣ አፍንጫዬን አገዘፍሽው ብሎ ይቀየማል። ቤት ግን ያስቀመጥሽበት ይቆያል፤ ደግሞ ውለታ አይረሳም" ትላለች። የሚከራይ ቤት ያለው ሁሉ እሷን ይጠራል፤ ደላሎቹም ስልኳን በቃላቸው ነው የሚያውቁት። ትሄዳለች፣ ታሰናዳለች፣ ታነሳለች፤ ማንም ዞር ብሎ ያላየው ቤት በማግስቱ ተከራይ ይጋፋበታል። ረዳት ቅጠሪ ስትባል "ሙሽሪት አለች አይደል?" ነው መልሷ። ስለዚህ እኔ ነጩን ሰሌዳ ይዤ እቆማለሁ። ከመስኮት የሚገባውን ብርሃን ተቀብሎ ወደ ጨለማው ጥግ የሚመልስ ሰሌዳ ነው። ክንዴ ሲዝል "ብርሃኑ ደከመ!" ትላለች። እኔ ደከምኩ ማለቷ እንዳይመስላችሁ።

የእጅ ቦርሳዋ ውስጥ የፕላስቲክ ሎሚዎች፣ አንድ ግራጫ የሱፍ ጨርቅ፣ አንድ መስተዋቱ የወለቀ መነጽርና አረንጓዴ ሽፋን ያለው ወፍራም መጽሐፍ አይጠፉም። ሎሚዎቹ ሳህን ላይ ይሰየማሉ። መጽሐፉ ከመሃል ይገለጥና መነጽሩ ይጫንበታል። ጨርቁ ደግሞ ሶፋው ጫፍ ላይ ሳይታሰብ የወደቀ መምሰል አለበት፤ ያቺን ሳይታሰብ መውደቅ እስክታገኝ ድረስ አንስታ ትጥለዋለች፣ አንስታ ትጥለዋለች። በዚህ የተነሳ በከተማችን የሚከራይ ቤት በሙሉ አንድ ዓይኑ የደከመ፣ ሎሚ የሚወድ አንባቢ የለቀቀው ይመስላል። እንዲያውም አንድ ቤት ፈላጊ ደውሎ "እመቤቴ፣ እነዚህ ሎሚዎች በሄድኩበት ሁሉ እየተከተሉኝ ነው" ቢላት፣ "እንግዲያው ዕድለኛ ነዎት" ብላ ዘጋችበት።

የእኔን ሳሎን ኢንተርኔት ላይ ላለው ገጿ ልታነሳ የመጣች ቀን ግን አይነሳ። መጀመሪያ ጫማዎቹ ጠፉ። ቀጥሎ ሪሞቱ፣ የልጆቹ ደብተር፣ የመድኃኒት ዘንቢሉ፣ የሚያፈስ ቧንቧ ሥር የምናስቀምጠው ባልዲ። በመጨረሻ ዓይኗ ባሌ ላይ አረፈ። ምስኪን፣ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል።

"ወንድሜ፣ ተነስ።"

"ምን አጠፋሁ?"

"አንተ ምንም አላጠፋህም፤ ሸሚዝህ ከሶፋው ጋር ተጣልቷል።"

"ይሄ ሶፋ የኔ አይደለም እንዴ?"

"ያንተ ነው። ፎቶው የኔ ነው። ኩሽና ቁም።"

ባሌ ኩሽና ቆመ። ሰሌዳውን እንደያዝኩ ወደዚያ ዞር ስል፣ ከዚህ በፊት በውሃ እንኳ ያልነካውን የሳህን መደርደሪያ እያየ ነበር፤ እንደ ቱሪስት። ፎቶው ሲወጣ በእውነት አፌን ያዝኩ። ይሄ የኔ ቤት ነው? እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ነው ለካ ስንጨቃጨቅ የኖርነው? ችግሩ ከፎቶው በኋላ ያለው ሳምንት ነው። ጫማዎቹን ልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ውስጥ አገኘናቸው። ሪሞቱ ከሩዙ ጋር ዕቃ ቤት ገብቷል። የመድኃኒት ዘንቢሉ ዳቦ መጋገሪያው ውስጥ ነበር፤ ደግነቱ በዚያ ሳምንት ዳቦ አልጋገርኩም።

ቆይታ ቆይታ ደግሞ ስማርት የሚባለው ነገር ጀመራት። "ዕቃ ማንቀሳቀስ ያለፈበት ነገር ነው። አሁን ቤቱ ራሱ መታዘዝ አለበት" አለችና፣ ለዓመት በዓል ልብስ እንደምታመጣ አክስት የሚያናግሩት ስፒከርና በቃል የሚበራ አምፖል ይዛ መጣች። ስፒከሩ ክብ ነው፣ ትንሽ ዳቦ ያህላል። መደርደሪያው ላይ ሰየመችውና ድምፅዋን አወፍራ፣ ቃሉን እየለየች፣ "ሳሎን። ለስላሳ ብርሃን።" አለች። ሳሎኑ ለሰለሰ። ልጆቼ አጨበጨቡ።

እሷ ስትሄድ ባሌ "ሳሎን፣ አብራ" አለው። ዝም። "ሳሎን፣ እባክህ አብራ።" ዝም። ልጆቹ ሞከሩ፣ እኔ ሞከርኩ፤ ወይ ፍንክች። መሣሪያው የለመደው የእትዬን ድምፅ ነው። ደውለን ብንነግራት "ታዲያ እንደኔ ተናገሩዋ!" አለችን። ይኸው እስካሁን የቤታችን ሰው ሁሉ መብራት ሲፈልግ ድምፁን አወፍሮ፣ ቃሉን እየለየ እትዬን ይሆናል። ጺሙ የደረሰው ባሌ መታጠቢያ ቤት በር ላይ ቆሞ እንደ ታላቅ እህቱ ሲናገር መስማት የትዳርን ክብር የሚጨምር ነገር አይደለም።

እሷው ያመጣችው፣ በራሱ እየሄደ ወለል የሚያጸዳ መጥረጊያም አለ። እሱ እንኳ ታማኝ ነው። አንድ ቀን የባሌ አለቃ በእንግድነት መጥቶ ሳለ፣ መጥረጊያው አልጋ ሥር ገብቶ እትዬ ለፎቶ የደበቀችውን የባሌን ካልሲ እየጎተተ ሳሎን መጣና ሰውየው እግር ሥር ቆመ። አለቃው ጎንበስ ብሎ አየው። ባሌ "የእህቴ ነው" አለ። ካልሲውን ይሁን መጥረጊያውን እስካሁን አላብራራም።

እንግዲህ እንዲህ ያለች ሴት ናት። የአማቴ፣ የባሌ እናት፣ ቤት ነገር የመጣው በዚህ መሃል ነው።

የአማቴ ዓይን ከደከመ ቆይቷል። ብርሃንና ጥላ ይለያሉ፤ የሰው መልክ ግን አይለዩም። ሐኪሙም የሄደው እንደማይመለስ ነግሯቸዋል። ባላቸው ካረፉ ወዲህ የሚኖሩት ብቻቸውን ነው፤ አንድ መኝታ ቤት፣ አንድ ሳሎን፣ በመተላለፊያ የሚደረስበት ኩሽና። አንድ ቀን ድስት ጋዝ ምድጃው ላይ ጥደው ረሱትና ጭሱ ጎረቤት ድረስ ሄደ። ጎረቤቶች ደርሰው አጠፉት፤ ከድስቱ በቀር የተጎዳ አልነበረም። የቤቱ በኩር፣ ጋሼ የምንለው፣ መድኃኒት ቤት ያለው የባሌ ታላቅ ወንድም ግን ያን ቀን መድኃኒት ቤቱን እንኳ ሳይዘጋ ነው ሮጦ የመጣው።

"በቃ!" አለ። "እኔ ጋ ትመጣለች። ክፍል አዘጋጅቼላታለሁ። ቤቱ ይከራያል።"

አማቴ "ከቤቴ የምወጣው ተሸክመውኝ ነው" አሉ። ጋሼ አልሰማም። ሊሰማ አልቻለም ብል ይሻላል፤ የፈራ ሰው ጆሮ የለውም። ለደላላው ነገረ፣ እሑድ ቤተሰቡ እሱ ቤት ተሰብስቦ ነገሩ እንዲያልቅ ቀጠረ፣ ለእትዬም "ቤቱን ደህና አድርገሽ አንሺው" አላት።

ትከራከራለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ያለችው "ጥሩ ቤት ነው። የጠዋት ብርሃን አለው" ብቻ ነው። በሆዴ፣ ይህቺ ለእናቷ ልጅ ናት ወይስ ደላላ? አልኩ። ያም ሆኖ ቅዳሜ ጠዋት ሰሌዳዬን ተሸክሜ ተከተልኳት።

አማቴ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ጠበቁን።

"መጣችሁ? ልታከራዩ?"

"ፎቶ ላነሳ ነው እማዬ።"

"እኔን ነው ቤቱን?"

"ቤቱን።"

"እኔንማ ማን ይከራየኛል" አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ።

እትዬ ቦርሳዋን ከፈተች። ሎሚዎቹ ወጡ፣ መጽሐፉ ወጣ። ከዚያ ቤቱን አየችው፤ ፊቷም ሐኪም ቤት እንደገባ ሰው ሆነ። ራዲዮኑ ቁልፍ ላይ ክር ታስሮ ተንጠልጥሏል። ዱካ፣ ያ አጭር መቀመጫ፣ ክፍሉ ጥግ ሳይሆን በሩ አጠገብ ተገትሯል። ከሁሉ የባሰው ደግሞ መተላለፊያው ነው፤ ልክ መሃሉ ላይ፣ ቀሚስ የተጣለበት የእንጨት ወንበር።

"ወንበር! መተላለፊያ መሃል!" አለችኝ በሹክሹክታ። "ይሄ እኮ በሕግ ያስቀጣል።" ብድግ አደረገችና ትንሽ ወደ ግራ፣ ግድግዳው ጋ አስጠጋችው። ቀሚሱን አጣጥፋ ደበቀችው። ካሜራዋን ተክላ ዓይኗን አስገባች።

በዚህ ጊዜ አማቴ ውሃ ሊጠጡ ከመኝታ ቤት ወጡ። የአልጋውን ራስጌ ነኩ፣ የበሩን መቃን ነኩ፤ ከዚያ ሳይጠራጠሩ፣ የጓደኛ ትከሻ ላይ እንደሚያሳርፍ ሰው ዘና ብለው እጃቸውን ዘረጉ። እጃቸው አየር ላይ ወደቀ። ሰውነታቸው ተከትሎ ዘመመ። ሰሌዳውን ጥዬ ስሮጥ ግድግዳውን ይዘው ቆመዋል።

አልጮሁም። "ወንበሬስ?" አሉ ብቻ። "ወንበሬ የት ሄደ?"

እትዬ ካሜራዋ ኋላ ቀርታለች። ሁሉንም በካሜራው መስኮት ውስጥ አይታዋለች። ከዚያ መጣችና ወንበሩን አነሳች፣ መሬት ላይ ተንበረከከች።

"እዚህ ነው እማዬ?"

"ወደ ውስጥ።"

"እዚህ?"

"አለፍሽው። መልሺ። መልሺ። እ... እዚያ ጋ።"

በጣት ልክ ነው ያስተካከለችው። ቀሚሱንም እንደነበረ አለበሰችው፤ ለካ አማቴ ወንበሩን የሚያውቁት በቀሚሱ ነው። ከዚያ ተነስታ ቤቱን እንደ አዲስ ዞረችው። ክሩን ነካች፤ ጣትን በቀጥታ ራዲዮኑ ቁልፍ ላይ ያደርሳል። ዱካው ላይ ተቀመጠች፤ እጅ ሲዘረጋ የበሩ መቀርቀሪያ ነው። የጠረጴዛው ጥግ ከውሃ ማሰሮው ጋር በአንድ ክንድ ርቀት ነው።

"ሙሽሪት" አለችኝ ቀስ ብላ። "ይሄ ቤት እኮ ተሰናድቷል። ከኔ በፊት የሚያውቅ ሰው አሰናድቶታል።"

"ማን?"

በአገጯ ወደ እናቷ ጠቆመችኝ።

ሎሚዎቹን መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። መጽሐፉንም። "ሰሌዳውን ያዢ" አለችኝ። እናቷን ደግሞ፣ "እማዬ፣ እስቲ ከአልጋሽ ተነሺና እንደ ሁልጊዜው ሻይ አፍዪ። እኛ የለንም በይ" አለቻቸው።

እሳቸው ሄዱ፣ እሷ ተከተለች። ያነሳችው እጃቸውን ነው። እጅ በራስጌው፣ እጅ በመቃኑ፣ እጅ በወንበሩ መደገፊያ፣ እጅ በጠረጴዛው ጥግ።

"ምነው ካሜራሽ ደረቴ ሥር ዋለ?" አሉ አማቴ፣ የካሜራውን ድምፅ ሰምተው። "ፊቴን አታነሺም? ያኔ ቆንጆ ነበርኩ እኮ።"

"ዛሬም ነሽ። ፊትሽ ተራውን ይጠብቅ።"

እሑድ ጋሼ ቤት ተሰበሰብን። አማቴ መሃል ተቀምጠዋል፤ የተፈረደበት ሰው ይመስላሉ። እትዬ ፎቶዎቹን ቴሌቪዥኑ ላይ ከፈተቻቸው። ሰው ሁሉ የጠበቀው ሎሚና ለስላሳ ብርሃን ነበር።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለ ጋሼ። "ቀሚስ የተጣለበት ወንበር? ይሄን ቤት ማን ይከራየዋል?"

"ማንም።"

"ታዲያ ምን ልትሠሪ ሄድሽ?"

"እየው" አለችው። "ጋሼ፣ አትናገር፤ ዝም ብለህ እየው።"

አንድ በአንድ አሳለፈቻቸው። ከአልጋ እስከ ምድጃ የአማቴ እጅ ባዶ የሚሆንበት ቦታ የለም። ቤቱ እጅ ለእጅ እየተቀባበለ ያደርሳቸዋል። ጋሼ ተነስቶ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ሄደ፤ የወንበሩ ፎቶ ላይ ብዙ ቆየ።

"አንተ ጋ ስትመጣ" አለች እትዬ፣ "ይሄን ሁሉ ትታ ነው የምትመጣው። በእውነት የምትታወረው ያኔ ነው።"

ጋሼ የመለሰው በቁጣ አልነበረም። "እሳቱስ?" አለ። "እጅ እሳት አያጠፋም። ሁለተኛ ጊዜ ማን ይደርስላታል?"

እውነቱን ነው። ሁላችንም ወደ እትዬ ዞርን። እሷ ግን ለዚህ መልስ ሌሊቱን ስትዘጋጅ ያደረች ይመስል ቀና አለች። ጋዙ ወጥቶ የኤሌክትሪክ ምድጃ ይገባል፤ ሰው ከአጠገቡ ርቆ ሲቆይ ራሱን ያጠፋል። ጭስ ሲሸት የጋሼ ስልክ ይጮኻል። በሩ ሲንኳኳ ስፒከሩ ማን እንደመጣ ይነግራቸዋል። ሰዓቱን በቃል ይጠይቃሉ።

"መብራት ሲጠፋስ?" አለ ጋሼ።

"ምድጃውም አብሮ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ በጨለማ ከሁላችንም የምትሻለው እማዬ ናት።"

አማቴ ሳቁ። መጀመሪያ የሳቁት እሳቸው ናቸው። ቀጥሎ ባሌ፤ በመጨረሻ ጋሼ ሳይወድ። ከዚያ ተመልሶ ተቀመጠና እንደ ልጅ፣ "ክፍሉን እኮ ቀለም አስቀብቼላት ነበር" አለ።

"ምን ዓይነት ቀለም?" አለች እትዬ ወዲያው።

"ነጣ ያለ አረንጓዴ።"

"መጋረጃውን ለኔ ተወው። ስትመጣ ታድርበታለች።"

"እንግዲህ ይሞከር" አለ ጋሼ። "ስልኬ አንድ ቀን ቢጮህ ግን ጉድ ይፈላል።" አማቴ በእጃቸው ፈልገው ጉልበቱን አገኙትና መታ መታ አደረጉት።

ሥራው ተጀመረ። ልንገራችሁና፣ እንዲህ ሆና ስትሠራ አይቻት አላውቅም። መሣሪያውን ሁሉ የተከለችው የአማቴ እጅ ቀድሞ በሚያልፍበት ቦታ ነው። ወንበሩን አንድ ጊዜ እንኳ ሳትነካ በጎኑ እየተሽሎከሎከች ዋለች። የምድጃው ሽቦ ግድግዳው ላይ በፕላስተር ተለጥፎ፣ በግልጽ እየታየ፣ ያውም ጠመም ብሎ ሲሄድ አይታ አለፈችው! ስፒከሩም የአማቴን ድምፅ ብቻ እንዲለምድ አደረገች። እሳቸው ድምፅ ማወፈር አላስፈለጋቸውም። "አንተ ልጅ፣ ስንት ሰዓት ነው?" ይሉታል፤ ሲነግራቸው "እግዜር ይስጥልኝ" ይሉታል። አንዳንዴ ሳይጠየቅ ሲለፈልፍ "ማን ጠራህ?" ይሉታል፤ ዝም ይላል። የእኛው እንዲህ ቢታዘዝ ኖሮ ባሌ ክብሩን ይዞ ይኖር ነበር።

ድሮ ሰው ስለ እሷ ሲጠይቀኝ "የባሌ እህት ናት፣ ምን ላድርግ?" እል ነበር። አሁን ሰሌዳዬን ይዤ ከኋላዋ ስገባ ማን ናት የሚለኝ ካለ "እህቴ ናት" እላለሁ። ደረቴንም ነፋ አደርጋለሁ፤ ክንዴ እንደዛለ ነው።

ሥራው ባለቀ ዕለት ሳሎኑ ውስጥ ሁለታችንም ወለሉ ላይ ተቀምጠን ዕቃ ስንሰበስብ የእትዬ ስልክ ጮኸ። ደላላው ነው። ጋሼ ነገሩ እንደተለወጠ ሊነግረው ረስቷል።

"እትዬ፣ ለእናትሽ ቤት ሰው አግኝቻለሁ!" ሲል ድምፁ እኔ ጋ ይሰማል። "ጨዋ ባልና ሚስት ናቸው። መቼ ይዩት?"

"ተይዟል" አለችው።

"ማን ያዘው? በኔ በኩል የሄደ የለም እኮ!"

"አንዲት ሴትዮ ናት።"

"ለምን ያህል ጊዜ?"

"አልጠየቅኳትም። እሷን ማን ደፍሮ ይጠይቃል?"

ደላላው ምን እንዳለ አልሰማሁም። እትዬ ግን ስልኩ ጥርት ብሎ እየተሰማ፣ ፊቷን ወደ ኩሽናው አዙራ፣ ጎረቤት በሚሰማው ድምፅ ደገመችው።

"ተይዟል አልኩህ! ቤቱ ተይዟል!"

ኩሽና ውስጥ የማንኪያ ድምፅ ቆመ። ቀጥሎ ስኒዎች ሳህን ላይ ሲደረደሩ ተሰማ፤ ከዚያም አማቴ፣ ሳይቸኩሉ፣ በባለቤት ድምፅ፦

"ሻዩ ደርሷል። ማናችሁ ቤቴ ውስጥ የምትጮኹት?"